አራት ጣት እጥፋት

የሰውን ኑሮ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ እባካችሁ «ኑሮ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። እኔ ጠይቄ ከሥራ ልባረር ነበር።

የሸማቾች አመለካከት ጥናት የሚባል ነገር አለ። ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ከአምና ዘንድሮ ኑሮዎ ተሻለ፣ ባሰ ወይስ ያው ነው? ለከርሞስ ምን ይጠብቃሉ? በቃ፣ ይኸው ነው። ምን ይሠራል አትሉኝም? ሰው ከርሞን ከፈራ እጁን ይሰበስባል። እሱ እጁን ሲሰበስብ ነጋዴው ዕቃ አያመጣም፣ አናጢውም ሥራ ይፈታል። ገበያ መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ሰው ልብ ውስጥ ነው።

ቢቸና ላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ እናት «ተመስገን!» አሉኝ። ተሻለ ነው ባሰ? «ኧረ ተመስገን ነው ልጄ!» ታብሌቱ ደግሞ ተመስገን የሚባል ምርጫ የለውም። ምን ላድርግ? «ተሻለ» የሚለውን ነካሁት። ሁለተኛውም ተመስገን፣ አሥረኛውም ተመስገን። ስለ ከርሞ ስጠይቅማ «እሱ ያውቃል» እያሉ ወደ ሰማይ ያሳዩኛል። ለማያውቁት መዝጋቢ ማን ብሶቱን ያወራል? ሆድ ይፍጀው ነው እንጂ።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሬ ደወለ። ቢቸና ውስጥ የከፋው ሰው የለም ወይ? ቤትህ ቁጭ ብለህ ነው የሞላኸው ብሎ ጮኸብኝ። ቀጥዬ የምሄድበት የሞጣ መረጃም እንዲህ ከመጣ ውሌ እንደማይታደስ ቁርጡን ነገረኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ሞጣ የደረስኩት በድን ሆኜ ነው።

እዚያ መጀመሪያ ያገኘኋቸው ጋሽ ሙሉቀን የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸውም «ተመስገን» ሲሉኝ ዕንባዬ መጣ፤ ጭንቀቴን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሳቁብኝ።

«ተመስገኑ ለእግዜር ነው እንጂ ላንተ መች ሆነና! ይልቅ ለልጆቻቸው ዩኒፎርም ሲያሰፉ ስንት ጣት እጥፋት እንደሚያስተርፉ ጠይቃቸው።»

ለካስ ከርሞ አዲስ አሰፋለሁ ብላ የምታስብ እናት ሁለት ጣት ይበቃታል። ያልተማመነችው ደግሞ አራት ጣት ወደ ውስጥ አሳጥፋ ትሄዳለች፤ ልጁ ሲያድግ ይፈታና ይረዝማል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ይህ ነው። እኔ ታብሌቱን ጠምጥሜ ነበር የምዞረው።

እንደተባልኩት ጠየቅኩ። አንዷ «አራት ጣት» ብላ ጀምራ፣ ስለ ዘይቱም ስለ ማዳበሪያውም አውርታ እስክትጨርስ እግሬ ዛለ። የዘንድሮውን ከአፋቸው ሰማሁ። ለከርሞው ግን እጥፋቱ በቂዬ ነው ብዬ፣ አራት ጣት ያለችውን ሁሉ «ይብሳል» ላይ አስገባኋት። ቢቸናም ተመልሼ እንደዚያው አደረግሁ። ውሌ ታደሰ።

ጋሽ ሙሉቀን ውለታቸው አይረሳኝም። የልጆቼን ጉሮሮ ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው። እንዲያው እግዜር ይስጥልኝ ብቻ ማለት ስላነሰብኝ፣ ጨርቅ ገዝቼ ሱሪ እንዲሰፉልኝ ሰጠኋቸው። ሱሪውን ስለካው ወገቡ ውስጥ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ታጥፏል።

«ጋሼ፣ ለእኔም ከርሞን ፈሩልኝ እንዴ?»

«ምን እፈራለሁ! ውልህ ታድሷል፣ ትወፍራለህ ብዬ ነው እንጂ» አሉኝ።

ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሳቄ ቆመ። እነዚያ እናቶችስ? ልጇ እንደሚያድግ ያላመነች እናት እጥፋት ታስተርፋለች? እኔ ግን አራት ጣቱን በሙሉ ስጋት ነው ብዬ ልኬዋለሁ።

ሱፐርቫይዘሬም እንዲህ ያለ ትክክለኛ መረጃ አይቶ እንደማያውቅ ነግሮኝ፣ ከልቡ አመስግኖኛል።