የጎይቶም የምስጢር ምክር

(ጎይቶም በየማለዳው የሚያደርገውን አደረገ፤ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ዓይኑ ላይ አድርጎት አያውቅም። አጠገቡ የክፍላቸው ተወካይ ጁዋይሪያ አለች፤ ቀዳማይ ወያነ ገበያ የሚነግደው የወሎዬው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ጭኗ ላይ ተማሪዎቹ የሚያጠኑትን ትምህርት ከአንድ እስከ አሥር በቅደም ተከተል የመረጡበት ወረቀት ተከምሯል። ስድስት ሰዓት ላይ ታስረክባለች።)

ጎይቶም፦ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሞላው አልኩሽ።

ጁዋይሪያ፦ ቁጥሩ ግን ከላይ ይጀምራል።

ጎይቶም፦ ቁጥሩ ለሌላው ሰው ነው። ብልጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠላውን አሥረኛ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደሚወደው ይወጣል።

ጁዋይሪያ፦ እኔ አንደኛውን ጽፌ ደከመኝ።

ጎይቶም፦ ዋይ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺን እንዴት ተወካይ አድርገው መረጡሽ?

ጁዋይሪያ፦ የዚያን ቀን ቀርቼ ነበር።

ጎይቶም፦ እሺ፣ አንደኛ ምን አልሽ?

ጁዋይሪያ፦ ጂኦሎጂ።

(ጎይቶም የጎረሰው ነገር ያነቀው መሰለ። ምንም አልጎረሰም ነበር።)

ጎይቶም፦ አልሰማሽም እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ነው የሚያሸክሙት። ፈተናው ራሱ በሚዛን ነው።

ጁዋይሪያ፦ ሰምቻለሁ። ስንት ኪሎ ነው?

ጎይቶም፦ ሠላሳ። ለሴት ሃያ አምስት።

ጁዋይሪያ፦ እሱስ ይቻላል። አባቴ ሱቅ ጣቃ ስሸከም ነው ያደግኩት።

ጎይቶም፦ ኧረ ምኑ አስመኘሽ?

ጁዋይሪያ፦ ዓይናለም መንደር ጉድጓድ ሲቆፍሩ አየሁ። አፈሩ ቀይ፣ ነጭ፣ ግራጫ እየሆነ ሲወጣ መሬት ራሷ የአባቴን ሱቅ መሰለችኝ፤ ጣቃ በጣቃ ላይ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ትምህርት አያምረኝም።

(ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። አፈረችና ወረቀቶቹን ማስተካከል ያዘች።)

ጁዋይሪያ፦ ቆይ፣ አንተስ? አንደኛ ያልከው ጂኦሎጂ ነው።

ጎይቶም፦ ወረቀቴን አየሽው?

ጁዋይሪያ፦ ተወካይ ነኝ።

ጎይቶም፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እንግዲያስ ስሚ። ሸክም የሚባል ነገር የለም። ከልጅነቴ የምመኘው ጂኦሎጂን ነው፤ ውጤቴ ግን ደከም ያለ ነው። ሌላው ካልሸሸ እኔ አልገባም። ስለዚህ የሸክሙን ወሬ ፈጥሬ ለጥቂት ሰው በምስጢር ነገርኩ።

ጁዋይሪያ፦ ለስንት?

ጎይቶም፦ ለዘጠኝ። ለማንም እንዳይናገሩ አስምያቸዋለሁ።

ጁዋይሪያ፦ አሃ፣ ለዚህ ነዋ። ከሃምሳ ስምንቱ ጂኦሎጂን የመረጠው ሁለት ሰው ነው። አንተና እኔ።

ጎይቶም፦ (ብድግ ብሎ) አየሽ ጭንቅላት? ያለ ተፎካካሪ። አንቺንም አስገባሁሽ፣ አመስግኚኝ።

ጁዋይሪያ፦ አመሰግናለሁ። ሌሎቹ ክፍሎችስ?

ጎይቶም፦ እነሱማ ከኛም ቀድመው ሰምተዋል። የመረጠው አንድ ሰው የለም።

ጁዋይሪያ፦ እንግዲያ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግራ አጋባኝ። አሥራ አምስት ሰው ያልመረጠው ትምህርት ዘንድሮ አይከፈትም ይላል። ሁለት ከአሥራ አምስት ያንሳል አይደል?

(ጎይቶም ተመልሶ ተቀመጠ።)

ጎይቶም፦ ያንሳል።

ጁዋይሪያ፦ እኔም መስሎኝ ነበር።

ጎይቶም፦ በጃኺ፣ እባክሽ ጁዋይሪያ፣ አሁኑኑ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፊ። ሸክም የለም፣ እስከ ስድስት ሰዓት መቀየር ይቻላል በይ። ደግሞ በጣም እንዳታሳምኚያቸው፤ አሥራ ሦስት ሰው ይበቃናል።

ጁዋይሪያ፦ ማን ያምነኛል?

ጎይቶም፦ አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም፣ ያምኑሻል። ብቻ እኔን አታንሺኝ። የምለምንሽ እሱን ነው።

(በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ጻፈች፤ ላከችው። ስልኩ ወዲያው ይንጫጫ ጀመር።)

ጎይቶም፦ ምን ብለሽ ነው?

ጁዋይሪያ፦ (እያነበበች) «ጂኦሎጂ ሸክም የለውም። እስከ ስድስት ሰዓት መቀየር ይቻላል።»

ጎይቶም፦ ጎበዝ። በቃ ይኸው ነው?

ጁዋይሪያ፦ ማስረጃ ጨምሬበታለሁ። «የሸክሙን ወሬ የፈጠረው ጎይቶም ነው፤ ራሱ ግን አንደኛ የመረጠው ጂኦሎጂን ነው።»