የልጅቷ መቃብርና ክቡር ሙርቲ

ግድያ በተፈጸመበት አገር ሁሉ፣ ከገዳይና ከሟች ሌላ፣ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» ባይ ሦስተኛ ሰው አይጠፋም። በአየርላንድ፣ በሻነን ወንዝ ዳር፣ ይህ ሹመት የወደቀው በክቡር ሙርቲ ሄሂር፣ በድንጋይ ጠራቢው ላይ ነበር።

የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ በድብቅ ያገባት የባላባት ልጅ በወሩ ሰለቸችውና በአሽከሩ እጅ አስገድሎ ወንዝ አስጣላት። ሁለቱም ተሰቀሉ። ታሪኩ መጽሐፍ፣ ቀጥሎም ቴአትር ሆነ፤ ለንደን ከፍላ አለቀሰች። ክቡርነታቸው ግን ደራሲውን ይቅር አላሉም። «እኔን ሳይጠይቅ ጽፎ ጉድ ሆነ!» በሰኞ ትረካቸው አስከሬኑን ከውኃ ያወጡ እርሳቸው ናቸው፤ በሐሙሱ ገዳዩን ከጭድ ክምር ጎትተው ያስያዙ።

«አንተ ሙርቲ፣ ያኔኮ ጡት አልጣልክም!» ትለዋለች፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር የተቀቀለ ቀንድ አውጣ የምትሸጠው ባልቴት ብሪድ ሊሊስ።

«ቀድሞ የነቃ ልጅ አይተሽ አታውቂም?»

ብሪድን ያንገበገባት ግን ውሸቱ አልነበረም። በጋ በመጣ ቁጥር የእንፋሎት መርከብ የሚያራግፋቸው እንግዶች ከካፖርታቸው ሥር መዶሻ ይዘው ይወርዳሉ፤ ለመታሰቢያ እያሉ የልጅቷን የመቃብር ድንጋይ እየሸረፉ ይወስዳሉ። መንገድ መሪያቸው ደግሞ ሙርቲ ነው። አስከሬኑን ያጠበችው የብሪድ እናት ነበረች፤ ስለዚህ አንድ እሑድ በሰው ፊት ልታዋርደው ተከተለችው።

ሙርቲ እንግዶቹን ወደ ልጅቷ አልወሰዳቸውም። ሳማ በወረረው ጥግ፣ ግማሹ ከተሸረፈ ድንጋይ ፊት አቆማቸው።

«ስሟ የታለ?» አለች አንዲት ወይዘሮ።

«ከእናንተ በፊት የመጡት ወስደውታል፣ እመቤቴ።»

እዚያ አገር በመቃብር አጠገብ ቆሞ ነፍስ ይማር አለማለት ነውር ነው፤ በሁሉ የሚዋሽ ሙርቲም በዚህ አይዋሽም። መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ባርኔጣውን አወለቀና እንግዶቹ በማያውቁት ባገሩ ቋንቋ አጉረመረመ፦ «ነፍስሽን ይማረው፣ እማዬ።»

 ብሪድ ስድቧን ትታ እንግዶቹ ስባሪያቸውን ኪሳቸው ከትተው እስኪሄዱ ጠበቀች።

«በገዛ እጅህ የጠረብከው የእናትህ ድንጋይኮ ነው!»

«የልጅቷን ደፍቼ ሣር አልብሼዋለሁ» አለ፣ ስብርባሪውን በእግሩ እየሰበሰበ። «እናቴ ኃይለኛ ሴት ነበረች፣ ትችለዋለች። እሷ ግን ልጅ ናት። አንዴ ተመትታለች፣ ይበቃታል።»

ብሪድ የቀረውን ድንጋይ ቁመት በዓይኗ ለካች። ከአንድ በጋ አያልፍም።

«እናትህ ስታልቅ» አለች በመጨረሻ፣ «ወደኔ ባል መቃብር አምጣቸው። እሱ ቢመታ አይቆጨኝም።»