የእናቴ ስም በአይቲ ክፍል

ላስ ቬጋስ ውስጥ የቁማር ማሽን መሆን ጥሩ ነው። ሰው ከመሆን ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ ግን ሳይሻል አይቀርም። ካዚኖው ውስጥ ከተደረደሩት ማሽኖች አንዱ ድንገት ቀጥ ቢል፣ እንግዳው እጁን ገና ሳያነሳ አንድ ቁልፍ ያንጠለጠለ ባለሙያ ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይላል። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ፣ ነካክቶ፣ ዘግቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። የሠራተኛ ኮምፒውተር ሲታመም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለእኛ የተመደቡልን የአይቲ ክፍል ሰዎች ናቸው። እናንተም የምትሠሩበት ቦታ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ካሉ የምለው ይገባችኋል፤ ከሌሉ ደግሞ ምንም ቢሆን ሥራችሁን አትልቀቁ።

እኔ የሆቴል ክፍል አጽጂ ነኝ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ፣ የተማረ ሰው ላይ አፌን ለመክፈት አልቸኩልም። በተፈጥሮዬም ዝምተኛ ነኝ። ዝምተኛ መሆን አንድ ጥቅም አለው፤ ሰው ሁሉ ፊታችሁ እንደ ልቡ ያወራል። የአይቲ ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋሪዬን እየገፋሁ በበሩ ሳልፍ እንደሰማሁት ከሆነ፣ እዚያ ቤት የሚታወቀው መድኃኒት ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ «አጥፍታችሁ አብሩት»፣ ሌላው «ከእኛ በኩል ችግር የለም»። ሐኪሞች ቢሆኑ ኖሮ በሽተኛውን መጀመሪያ ገድለው፣ ከዚያ እስኪነሳ ይጠብቁ ነበር። ካልተነሳ ችግሩ ከእነሱ በኩል አይደለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኛ ሆቴል በዓመት ሁለት ጊዜ ሺፍት እንመርጣለን፣ በኮምፒውተር። ያልመረጠ ሰው የተረፈውን ይወስዳል፤ የሚተርፈው ደግሞ ሁልጊዜ የማታው ነው። እኔ የጠዋቱን ማግኘት ነበረብኝ። ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳል፣ ከቀትር በኋላ ይወጣል። የስድስት ዓመት ልጃችንን ከትምህርት ቤት ትቀበልልን የነበረችው ጎረቤታችን ከሰፈራችን ከስፕሪንግ ቫሊ ራቅ ወዳለው ሲልቬራዶ ራንች ልትዛወር ዕቃዋን አስራ ጨርሳለች። የጠዋቱ ሺፍት ካመለጠኝ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ልጄን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃት ሰው የለም። ለእኔ ጉዳዩ ይኸው ነበር። ለአይቲ ክፍል ደግሞ ምንም አልነበረም።

ምርጫው የሚዘጋው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በአራት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ለመግባት ስሞክር ፓስወርድሽ ጊዜው አልፎበታል አለኝ። ደወልኩ። ካይል የሚባለው አነሳው፤ ከሥራው ይልቅ ለጺሙ የሚጠነቀቀው።

«ቀላል ነው፤ አዲስ ፓስወርድ ላክኩልሽ» አለኝ።

«የት?»

«የሥራ ኢሜይልሽ ላይ።»

የሥራ ኢሜይሌ የሚከፈተው በዚያው ፓስወርድ ነው። ይህን ነገርኩት። ሊያፍር ነው ብዬ ጠበቅኩ። «እንግዲህ ኢሜይልሽን ስትከፍቺ ታገኚዋለሽ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ረቡዕ ደወልኩ። ካይል የለም፤ የደንበኛ መስተንግዶ ሥልጠና ሄዷል ተባልኩ።

ሐሙስ የዕረፍት ሰዓቴን ጠብቄ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ራሴ ምድር ቤት ወረድኩ። ካይል ኮምፒውተሩን ነካካና፣ የሚስጥር ጥያቄ ከመለስሽ ይከፈታል አለኝ። ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻላል፤ ሦስተኛው ከተሳተ እስከ ነገ ይቆለፋል። ጥያቄው፣ እናትሽ ከማግባቷ በፊት የቤተሰብ ስሟ ማን ነበር የሚል ነው።

«ይማም» አልኩት። ጻፈው። ቀይ አበራ።

«ካገባች በኋላስ?»

«ይማም።»

«አይደለም፣ ካገባች በኋላ ነው የምልሽ።»

«ገብቶኛል። ይማም። የአባቷ ስም ነው።»

ካይል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና በአዘኔታ ዓይን አየኝ። «ገባኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናትሽ አላገባችም ማለት ነው። ችግር የለውም።»

አባቴ ይህን ቢሰማ ከከሚሴ በእግሩ ይነሳ ነበር። መቼም እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ሴት ስታገባ ያልተለወጠ ምን ይቀርላታል? ቤቷ ይለወጣል፣ እንቅልፏ ይለወጣል፣ አማት የሚባል አዲስ አለቃ ይመጣባታል። ስሟ ግን ከአባቷ ቤት እንደወጣ አብሯት ይኖራል። ይህን ለካይል በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ። እሱ ራሱን እየነቀነቀ፣ እኔን ሳይጠይቅ መዝገቡ ላይ ከስሜ ቀጥሎ ያገኘውን የአባቴን ስም ጻፈና ተጫነው። ቀይ።

«ለምን ተጫንከው?»

«ለመሞከር ያህል።»

አንድ ቀረ። «አንተ ልትከፍተው አትችልም?» አልኩት። ሲስተሙ አይፈቅድልኝም አለ። ታዲያ ማነው የሚፈቅድልህ ብለው፣ «ሲስተሙ» አለኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ለስላሳ ሊገዛ ወጣ። ልብ አድርጉ፤ እኔ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶኛል፣ እሱ ጠምቶታል።

ከክፍሉ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ለማልቀስ ነው እንዳልል አላለቀስኩም፤ ግን ፊቴ ሳያስታውቅ አልቀረም። ልብስ ማጠቢያው በር ላይ አንሶላ የሚያጥፉት እትዬ ብርቄ አዩኝ። እትዬ ብርቄ እኔ ሳልወለድ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ እዚህ ሆቴል ከብዙዎቹ አለቆች በፊት የገቡ ሴት ናቸው።

«ምን አደረጉሽ እነዚህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እጃቸው ከአንሶላው ላይ ሳይነሳ ሰሙኝና፣ «ስትቀጠሪ ምን ብለሽ ነበር?» አሉ።

«ምን አልኩ እትዬ? የእናቴ ስም ይታወቃል!»

«የእናትሽን ስም አልጠየቅኩሽም። ያን ቀን ፈረንጁ ሲጠይቅሽ በአፍሽ ምን አልሽ? እነዚህ የሚጽፉት ከአፍሽ የወጣውን ነው፣ እውነቱን መሰለሽ? እኔን ሲጠይቁኝ ጥያቄው ስላልገባኝ ‹አይ ዶንት ኖው› ብዬ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ የናቴ ስም አይ ዶንት ኖው ነው። ነፍሷን ይማረውና።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ስንቀጠር በትልቁ አዳራሽ አሰልፈውን ነበር። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። የእናቴን ስም ከጻፈ በኋላ ከማግባቷ በፊትስ ሲለኝ፣ ያው ነው ለማለት «ሴም፣ ሴም» አልኩት። ምን ማለትሽ ነው አላለኝም። ጻፈና «ቀጣይ!» አለ። ካይል ጺሙን ያኔ ገና ማሳደግ መጀመሩ ነበር።

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። የካይል ወንበር ባዶ ነው፤ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው። ከተሳሳትኩ ያለቀ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጄ ሰው ስትፈልግ ታየችኝ። በአንድ ጣቴ፣ ቀስ ብዬ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ኤም፣ ኢ ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት።

አረንጓዴ።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ላይ የጠዋቱን ሺፍት መረጥኩ። ካይል ለስላሳውን እየጠጣ ሲመለስ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «አየሽ፣ አንዳንዴ ጊዜ መስጠት ነው» አለኝ። ዝምተኛ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ።

ሺፍቱን አገኘሁ። በአዲሱ ሺፍት በመጀመሪያው ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ልጄን ስጠብቅ ስልኬ ላይ ከአይቲ ክፍል መልእክት ገባ። እንዲህ ይላል፦ «ችግርዎ ተፈቷል። የፈታው ባለሙያ፦ ካይል። የችግሩ መንስኤ፦ ሠራተኛዋ የእናቷን ስም ረስታ።» ከሥሩ ደግሞ፣ በዚህ ካልተስማሙ ወደ አይቲ ክፍል ይደውሉ የሚል ተጨምሮበታል።

ደሜ ፈላ። ቁጥሩን ነካሁት። መጥራት ጀመረ። በሩ ተከፈተና ልጄ ቦርሳዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ወጣች፤ ግራ ቀኝ አየች፣ እኔን ስታይ መሮጥ ጀመረች።

«ሄሎ፣ አይቲ» አለ ካይል።

ዘጋሁበት።