ደጋ የማይስማማው የደጋ ልጅ

መንግሥት ለሐኪም የሚከፍተው በር ብዙ ነው ይባላል። እስክመረቅ ድረስ እኔም አምን ነበር። ሆስፒታል አለ፤ ማስተማር ያማረው ዩኒቨርሲቲ ይቀራል፤ ልቡ የደፈረ ወታደር ቤት ገብቶ ከነጩ ጋዋን ሥር ቡትስ ያጠልቃል፤ ማረሚያ ቤትም ሐኪም ይፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ ከቀጠሮ የሚቀር ታካሚ የለም። ከዚህ ሁሉ ሌላ፣ ትምህርት ላይ ሳላችሁ ማንም የማይነግራችሁ አንድ በር አለ፤ ቢሮ ይባላል። ቢሮ የገባ ሐኪም ደም አያይም፣ ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም፣ ጋዋኑን ካወለቀ ዓመት ቢያልፈውም ከስሙ ፊት ያለችው "ዶክተር" አትወልቅበትም። እኔ የገባሁት በዚያ በር ነው። እንዴት እንደገባሁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ነው።

የዘንድሮ ተመራቂዎች ይህን ሲያነቡ እንደሚቆጡብኝ አውቃለሁ። እነሱ ዲግሪያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከአንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ሲዞሩ ይውላሉ፤ እኔ ደግሞ የተሰጠኝን ቦታ እንዴት እንደሸሸሁ ላወጋ ተቀምጫለሁ። ይቆጡ፤ እውነት አላቸው። በእኛ ጊዜ ግን ዕጣ ነበር። ወረቀቷን ታወጣላችሁ፣ የወጣላችሁ ቦታ ትሄዳላችሁ፣ አለቀ።

እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። እናቴ አንድ ጊዜ "ለሠላሳ ሁለት ጥርስ ስድስት ዓመት?" ብላ ጠይቃኝ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። የተወለድኩት ከአርብ ገበያ ወደ ላይ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ፣ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት፣ በጥቅምት ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት በሚያድር ደጋ ላይ ነው። ታዲያ ዕጣዬን ዘርግቼ ባነበው ምን ቢል ጥሩ ነው? ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ሆስፒታል። ጓደኞቼ ካርታ ላይ ፈልገው የሚያጡት በረሃ ሲደርሳቸው፣ ለእኔ የእናቴ ደጃፍ ደረሰኝ። አንዳንዶቹ እጄን ጨብጠው እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። እኔ ግን ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ከተትኳት። ከዚያ ገብስ አገር ለመውጣት ስንት ዓመት የተማርኩ ይመስለኝ ነበርና፣ ተመልሼ ልግባ? ደግሞስ አገሬው ፊት ዶክተር ልሆን ነው? አፍንጫዬን በእጅጌዬ ስጠርግ የሚያውቁኝ ሰዎች አፋቸውን ሊከፍቱልኝ ነው? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

መፍትሔው ያን ያህል አልራቀም። አብሮኝ የተማረ አንድ ሐኪም ነበር፤ እሱ ዘንድ ሄጄ ችግሬን ነገርኩት። የሕክምና ማስረጃ አወጣና ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ የደረት ሕመም እንዳለብኝና የደጋ አየር እንደማይስማማኝ ጽፎ ፈረመበት። ሁለታችንም እስኪያንቀን ሳቅን። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወረቀቷን አስገባሁ። በዚያው ፋይል ውስጥ፣ እንዲያውም ከዚያች ወረቀት ሥር፣ "የትውልድ ቦታ፦ ጋይንት" የሚል ሌላ ወረቀት ነበረ። ሁለቱ ላይና ታች ተኝተው አንዱ ሌላውን አላጋለጠውም። ሞቅ ባለ ከተማ፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ የሚከፈት ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ሥራዬ ምን ነበር መሰላችሁ? በየገጠሩ ለተመደቡ ሐኪሞች "በአስቸኳይ በቦታዎ ተገኝተው ሥራ እንዲጀምሩ" የሚል ደብዳቤ ማዘጋጀት።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ደጋው ለደረቴ አልስማማ ብሎኝ ነው አልኳት። እግዚአብሔር ይማርህ አለችኝ። በመንደሩ አንድ ሰው እንኳ፣ እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ ልጅ እንዴት ደጋ አይስማማውም ብሎ አልጠየቀም። ይልቅስ ምክንያቱን ራሳቸው ፈለጉልኝ፤ ከተማ ደሙን አቅጥኖበት ነው አሉ። ውሸታችሁን ሰው ሲያምንላችሁ ይከብዳል፤ ሰው አሳምሮ ሲጨርስላችሁ ግን የት ትገባላችሁ?

እዚህ ላይ የኔታን ላስተዋውቃችሁ። የኔታ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ የክርስትና አባቴም የሆኑ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ እስከ አውድማው ይሰማል። የእኔ ዕጣ አርብ ገበያ መሆኑ በተሰማ ሰሞን አንድ የፊት ጥርሳቸው ይጠዘጥዛቸው ጀምሮ ነበር። ሆስፒታሉ የበኩሉን አድርጓል፤ የጥርስ ማከሚያውን ወንበር በጊዜ አስመጥቶ ተክሏል። ወንበሩ መጥቶ ሐኪሙ ሲቀር፣ ሰው ሁሉ የኔታን ደብረ ታቦር ሄደው ይታከሙ አላቸው። እሳቸው ግን፣ የገዛ ልጄ ዕጣ ወጥቶለት ሳለ ሌላ ሰው አፌን አይነካም፣ እስኪሻለው እጠብቃለሁ ብለው እምቢ አሉ። ቅርንፉድ በጥርሳቸው ይዘው ጠበቁ። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም፤ ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው።

ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው፣ መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን፣ የበሩ ጥበቃ ስልክ ደወለልኝ። አንድ አባት ጀሪካን ይዘው ይፈልጉሃል አለኝ። ወረድኩ። የኔታ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው ቢጫ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ጥምጣማቸው እንደ ወትሮው ያማረ ነው፤ ከሥሩ ግን ነጠላ አገጫቸውን ጠፍንጎ ታስሯል። ግራ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸውን ሊደፍነው ደርሷል።

"ደረትህስ እንዴት ነው ልጄ?" አሉኝ፣ ቃሉን በአንድ በኩል እያወጡት። "እናትህ ደጋው አልስማማው አለ ብላ ብትነግረኝ የአቡዬን ጸበል ይዤልህ መጣሁ። በባዶ ሆድህ ትጠጣዋለህ፤ ትጠመቅበታለህም።"

"የኔታ፣ ጉንጭዎ ምን ሆነ?"

"እሱን ተወው፤ ጥርስ ነው። አንተ ስትመጣ ታየኛለህ ብዬ አቆይቼው ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የቢሮ ግቢ መሬት ግን በሲሚንቶ የተደለደለ ነውና አልተከፈተም። ጀሪካኑን ተቀበልኳቸው። ከባድ ነበር። ያን ይዘው ሁለት ሰዓት በእግር ወርደው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ባበጠ ጉንጭ መጥተዋል፤ ያውም ያልታመመ ሰው ሊያድኑ።

የተከራየሁት ክፍል ወሰድኳቸው። መድኃኒት ሰጥቼ እብጠቱ እስኪጎድል ጥቂት ቀን አቆየኋቸውና አንድ የሥራ ባልደረባዬ የግል ክሊኒክ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። የጥርስ መንቀያ ከጨበጥኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሦስት ጥርስ ነቀልኩላቸው። ሁለቱ የፊት ናቸው። በመጀመሪያው ወር ባያቸው ኖሮ አንዱን ሞልቼ ሦስቱንም አተርፋቸው ነበር። ይህን የማውቀው ስድስት ዓመት ስለተማርኩ ነው፤ እንዲያ ያለ ትምህርት ለሰው የሚጠቅመው ደግሞ ሰውየው በቦታው ሲገኝ ነው። የኔታ በምላሳቸው ክፍተቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ቀለለኝ፣ እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። የሰው ምርቃት እንዲያ ሲያቃጥለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ማታ ራት ላይ ልናገር ቆረጥኩ። ሽሮውን አለስልሼ አቅርቤላቸው፣ እሳቸው በአንድ ጎን እያላመጡ፣ አፌን ከፈትኩ።

"የኔታ፣ ስለ ሕመሜ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

እጃቸውን አነሱ። "አሁን አትንገረኝ። ስትድን ትነግረኛለህ።"

አፌን ዘጋሁ። ፈሪ ሰው ዝም በል ሲሉት እንዴት እንደሚታዘዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የኔታን እንደዚያ ምሽት ፈጥኜ ታዝዤ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዜን አስወልቀው ግቢው መሐል አቆሙኝ። አከራዬ ሴትዮ ከመስኮት እያዩ ያማትባሉ። የኔታ "በስመ አብ" ብለው ጀመሩና ጸበሉን በአናቴ ላይ ለቀቁት። ከጋይንት ምንጭ የተቀዳ ውሃ ነው፤ ሞቃት ከተማ ሰንብቶም ቅዝቃዜውን አልረሳም። ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ሰውነቴ ተንዘፈዘፈ። የኔታ ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው።

"አየህ፣ ሲለቅህ ነው" አሉኝ።

አለቀስኩ። ውሃው በፊቴ ላይ ስለሚወርድ ማንም አላወቀብኝም።

የኔታን አውቶቡስ አሳፍሬ ስመለስ፣ በቀጥታ ሄጄ ወደ ተመደብኩበት ልሂድ የሚል ማመልከቻ ጻፍኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ ተከተለ። ታምሜያለሁ ስል በአንድ ቀን ያመነኝ መሥሪያ ቤት፣ ድኛለሁ ስል ሦስት ወር አመላለሰኝ። የመዳን ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ያ ጓደኛዬ ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ በየትኛው መድኃኒት ዳነ ብዬ ልጻፍ አለኝ። በጸበል አልኩት። እየሳቀ እንዳልኩት ጻፈው፤ እኔ ግን አብሬው አልሳቅሁም። ያች ወረቀት እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ አለች፤ በእኔ በኩል በመንግሥት መዝገብ ከገቡት ሁለት የሕክምና ማስረጃዎች መካከል ለእውነት የምትቀርበው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

አርብ ገበያ ገባሁ። ወንበሩ ላስቲኩን እንደለበሰ ጠብቆኝ ነበር። ሰው አፍንጫዬን በእጅጌዬ ስጠርግ ያስታውሰኛል ብዬ የፈራሁት ሁሉ ደረሰ፤ ያስታውሰኛል፣ እየሳቀ አፉን ይከፍትልኛል። ሌላ ምንም አልሆንኩም። በገበያ ቀን የሚሰለፈው ሰው ብዛት ግን ያሳፍረኛል፤ ዓመቱን ሙሉ እዚህ ነበሩ፣ ያልነበርኩት እኔ ነኝ።

በአቡዬ ዓመታዊ በዓል ደግሞ የፈራሁት ሳይሆን ያላሰብኩት ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው በጸበሉ የዳነ ካለ ይመስክር አለ። እናቴ ወገቤን ጎሸመችኝ፣ ጎረቤት ገፋኝ፣ ሳላውቀው ሕዝቡ ፊት ቆሜያለሁ። የኔታ ከፊት ተቀምጠዋል። ልናገር፣ ሁሉንም ልዘረግፈው አሰብኩ። የሁሉም ፊት ደግሞ እንዴት ደስ ብሎት እንደሚያየኝ ብታዩ። "ደጋ አይስማማኝም ነበር። አሁን ተስማምቶኛል" አልኩና ወረድኩ። እልልታው ቀለጠ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ የመጀመሪያው ውሸት ነበር። የኔታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም፣ ስትድን ትነግረኛለህ ያሉኝን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። እሑድ እሑድ ዜማውን ሲመሩ ግን በሁለቱ ጥርሶች ቦታ እስትንፋሳቸው ያፏጫል። ሕዝቡ ለምዶታል። እኔ አልለመድኩትም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ባለፈው አርብ ግን አንዲት እናት ከእስቴ ድረስ መጥተው የማከሚያ ክፍሌ በር ላይ አገኘኋቸው። አዲስ ጀሪካን ይዘዋል፤ ከአቡዬ መመለሳቸው ነው። ደጋው ተስማማኝ ያልከው ዶክተር አንተ ነህ ወይ አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። ልጃቸውም ሐኪም ነው፤ ስማዳ ተመድቦ ደጋው ለደረቱ አልስማማ ስላለው ከተማ ቢሮ አስገብተውታል። ጸበሉን ስንት ቀን ነው መጠጣት ያለበት ብለው ጠየቁኝ። ልጁን አላውቀውም፤ ወረቀቱን ግን በቃሌ እወጣዋለሁ።

"አንድ ቀን ይበቃዋል" አልኳቸው። "ብቻ ራስዎ ተሸክመው ያድርሱለት።"

መርቀውኝ ሊሄዱ ሲነሱ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ደገፍ ሲያደርጉ አየሁ። ቅርንፉድ ሸተተኝ። "እናቴ፣ ይቀመጡና አፍዎን ልይልዎ" ብዬ ወንበሩን አሳየኋቸው።

ወንበሩን አዩትና ፈገግ አሉ። "የእኔስ ይቆይ ልጄ" አሉኝ። "የገዛ ልጄ ዶክተር ሆኖ ሳለ ለምን ላስቸግርህ። ሲሻለው መጥቶ ያየኛል።"

ብለምን ባስለምን እምቢ አሉኝ። የምነግራቸው አንድ እውነት ነበር፤ እሱን ከተናገርኩ ደግሞ ልጃቸውን ማጋለጤ፣ ጸበሉን ያመጡልኝን የኔታንም ማሳፈሬ ነው አልኩና፣ ያች ያረጀች ሰበቤ ያን ቀንም አፌን ዘጋችብኝ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ጀሪካኑን አንስቼ ጀርባቸው ላይ አሳዘልኳቸው።