ፈረንሳይ ያላረሰው መሬት

«አገር እንዴት ይሰፋል?» ብትሉኝ ድሮ «በጦርነት» ብዬ እገላገል ነበር። አሜሪካ መጥቼ ነው አገርም እንደ በሬ ተከራክረው የሚገዙት ነገር መሆኑን ያወቅኩት። ለዜግነት ፈተና ያጠና ሁሉ ይነግራችኋል፤ ሉዊዚያና ከፈረንሳይ፣ አላስካ ከሩሲያ። ከሜክሲኮ ጋር ግን መጀመሪያ ተዋጉ፣ ከዚያ ተዋዋሉ፣ ከዚያ ከፈሉ። ደብድቦ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ በግ ለመግዛት ሦስት ገበያ ለምንዞር ለእኛ፣ ያን ሁሉ አገር ዞረው ሳያዩት ገዙ መባሉ ያስቀናልም ያስደነግጣልም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ጥሩወርቅን ሳስጠና ነው። ኦሮራ ከተማ ውስጥ ጎረቤቴ ናት፤ ኮሜርስ ሲቲ በምትባለው አጎራባች ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ስለምንሠራ ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና እንሄዳለን። እኔ እነዳለሁ፣ እጠይቃለሁ፤ እሷ ትመልሳለች። ዜግነቱን የፈለገችው ለሌላ አልነበረም። ዜጋ ከሆነች እናቷን ማምጣት ትችላለች፤ በቃ። እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ፣ ገጠር፣ ብቻቸውን ናቸው። ጥሩወርቅ መኝታ ቤቷን ለቃላቸው ሳሎን መተኛት ከጀመረች ቆይታለች፤ ለጉልበታቸው ብላ የገዛችው ወፍራም ብርድ ልብስ ባዶው አልጋ ላይ ተነጥፎ ይጠብቃቸው ነበር።

«ፈተናውን ፓስ አደረግኩ!» ብላ በስልክ ስትጮህ መሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝም።

የዜግነት መሐላዋን ማለች፤ ዜጋ ሆነች። በማግስቱ ኮልፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን እናቷ ጋ ደወለች፣ ድምፁንም ከፍ አደረገችው። እናት እልል አሉ፣ መረቁ። ስለ መምጣቱ ሲነሳ ግን «እስቲ የመሬቴን ነገር ላስብበት» አሉ። ጥሩወርቅ እንዳያመነቱ ብላ ያጠናችውን ሁሉ ዘረገፈችው።

«እማዬ፣ እዚህ መሬት ሞልቷል! ይሄ ያለንበት ራሱ ከፈረንሳይ የተገዛ ነው።»

«ፈረንሳይ እዚያ ያርስ ነበር?»

«ኧረ አያርስም።»

«ታዲያ ማን ነበረበት?»

ወደ እኔ ዞረች። እንዲህ ያለ ጥያቄ አላስጠናኋትም።

«ሻየንና አራፓሆ የሚባሉ ሰዎች፣ እማማ» አልኩ። «ኋላ ከእነሱም ጋር ተዋውለዋል።»

«ውሉ ጸና?»

«ትንሽ ቆይቶ... በሌላ ውል ጠበበ።»

«ፈረንሳይ ሲሸጥ የት ሄደው ነበር?»

«የትም። እዚያው ነበሩ።»

መብራቱ ለቀቀን፤ ነዳሁ።

«በይ እንግዲህ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ዐይኔ እያየ እንኳ ጎረቤቴ በየክረምቱ የማሳዬን ድንበር አንድ ፈር ይገፋብኛል። እዚያው ቁጭ ብለው የተሸጠባቸው ካሉ፣ ጥዬ ብመጣማ ምን ይውጠኛል? አልመጣም።»

ጥሩወርቅ እስከ መጋዘኑ በር አለቀሰች። ሴትዮዋ ግን ምን ስሕተት ተናገሩ?

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ፓስፖርቷ ደረሳት። እናቷ ካልመጡ እሷ ልትሄድ ነው፤ ፈቃድ ጠይቃለች፣ ትኬትም ቆርጣለች። ለዚህም እንደ ማንኛውም አሜሪካዊት ቪዛ ያስፈልጋታል። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን ይዛ መጣችና «የጉዞ ምክንያት ይላል፤ ምን ልበል?» አለችኝ።

ምርጫዎቹን አብረን አየናቸው። ከእናቴ ጋር ድንበር ልጠብቅ የሚል የለም።

«ቱሪስት በዪ» አልኳት።