ጉዳዩ የልብ ነው

ጤነኛ ሰውን የመሰለ አስቸጋሪ በሽተኛ የለም! አትሳቁ... የታመመ ሰው ቢያንስ የት ጋ እንደሚያመው ይነግራችኋል። ጤነኛው ግን አንዴ ከከፈለ በኋላ መላቀቂያ የለውም።

የሆስፒታል ሥራዬን ለቅቄ ሶዶ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ከፍቻለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰዎች አባል ይሆናሉ፤ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ታመሙም አልታመሙም ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይደውሉልኛል። እኔም የሰው ስም ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ "ቀጣይ!" ከማለት እገላገላለሁ። ባለቤቴ ታደለች ግን ገና ስነግራት፣

"ሰው ሳይታመም ለምን ይከፍላል?" አለች።

"እንዳይታመም ነዋ!"

"ተው እንጂ! የሶዶ ሰው አባል የሚሆነው ለዕድርና ለዕቁብ ነው።"

የመጀመሪያው አባሌ ጋሽ ደግፌ ሆኑ። ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጡ የኖሩ፣ ዕቃ አገላብጠው ሳያዩ የማይቀበሉ የጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ወሩ መገባደጃ ላይ ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ።

"ዶክተር፣ ይኸው አልታመምኩም።"

"እሰይ!"

"ምን እሰይ አለው? ወሩ ሊያልቅ ነው እኮ!"

ምን ላድርግ? ጆሯቸውን አየሁ፣ ጉሮሯቸውን አየሁ፣ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረግሁ። "በቃ? ሌላ የሚታይ የለኝም?" ብለው ቅር እያላቸው ሄዱ። በሳምንቱ በእሳቸው ፈንታ አንድ የማላውቀው ሰው ከች አለ። "ጋሽ ደግፌ አባልነታቸውን ለዛሬ አውሰውኝ ነው" አይለኝ መሰላችሁ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታዲያ ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደግፌ ናቸው።

"ዶክተር! ሻንቶ ነኝ! ቶሎ ድረስልኝ!"

"ምን ሆኑ?"

"ጉዳዩ የልብ ነው!"

ስልኩ ተቋረጠ። ታደለች "ሰውዬው ሳይሞቱብህ ሩጥ!" ብላ ቦርሳዬን ወረወረችልኝ። ነጭ ጋውኔን ደርቤ፣ የልብ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ባጃጅ ውስጥ ዘለልኩ። "ንዳው! ሰው ሊሞት ነው!" አልኩት ሾፌሩን። ነዳውም፤ በየጉድጓዱ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር እየተሳሳመ ጎረቤታችን ከተማ ሻንቶ ገባን።

የገቡበትን ቤት አጠያይቄ ስደርስ ጋሽ ደግፌ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ጤነኛ! ጆሮዬ ሥር ገብተው፣

"ለልጄ ለተስፋዬ ሚስት ልንጠይቅ ነው የመጣነው" አሉ። "አንዱ ሽማግሌ ቀረብኝ። አባልህ አይደለሁ? ግባና ተቀመጥ!"

ምን ምርጫ አለኝ? ገብቼ ተቀመጥኩ። የልጅቷ አባት አቶ ሎሃ ማዳመጫዬን ትክ ብለው አዩት።

"ልጁ ይታመማል እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም! እኔ የቤተሰቡ ሐኪም ነኝ።"

"ቤተሰቡ የራሱ ሐኪም አለው? ምን ዓይነት በሽታ ቢኖርባቸው ነው!"

"ጤነኞች ናቸው! ሳይታመሙ ነው የሚከፍሉኝ!"

ከጓዳ አንዲት አክስት፣ "እንግዲያው የጭንቅላት ነው" አሉ።

ተስፋዬ ላብ በላብ ሆነ። ልጅቷ ከበሩ ጥግ ቆማ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኮሌጅ አብረው ሲማሩ የተዋደዱ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በአንድ ጋውን ላፈርሰው ነው! በድንጋጤ የደም ግፊት መለኪያዬን አወጣሁና ሰው ሁሉ እያየ ተስፋዬን ለካሁት። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ግፊት አላየሁም።

"መሣሪያው መዋሸት አለመዋሸቱን በምን አውቃለሁ?" አሉ አቶ ሎሃ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። "እስቲ እኔን ለካኝ። እኔ ታምሜ አላውቅም።"

ለካኋቸው። ግፊታቸው ጣሪያ ነክቷል። በሌላው ክንዳቸው ደገምኩት፤ ያው ነው። ቀስ ብዬ ወደ ውጭ ወስጄ ነገርኳቸው። ድምፃቸው ወረደ።

"ራሴን የሚፈልጠኝ ፀሐዩ ይመስለኝ ነበር..."

መድኃኒት ጻፍኩላቸው፤ ሰኞ ክሊኒክ እንዲመጡም አስማልኳቸው። ተመልሰው ገብተው ቦታቸውን ያዙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ። ግን ጥሎሹ ላይ እኔና ባለቤቴ የዚህ ሐኪም አባል እንድንሆን ይጨመርልኝ።"

እልልታው ቀለጠ! ጋሽ ደግፌ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ "ለአማች ቅናሽ አለህ?"

የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳጣ እያጠቀስኩ ስበላ ውዬ ወደ ማታ ቤቴ ገባሁ። ታደለች በር ላይ ጠበቀችኝ።

"እህስ፣ ጋሽ ደግፌ ዳኑ?"

"ዳሩ!"