የጽዋችን ፍጥንጥነት

የፊዚክስ ትምህርት፣ ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም። አደጋው የሚጀምረው ተማሪው «ገባኝ» ያለ ቀን ነው። እኔ ራሴ ፍጥንጥነት ሳይገባኝ ስንት ዓመት በሰላም ኖሬያለሁ።

በቀደም የጽዋ ማኅበሩ ተራ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ላይ ደረሰ። እንደ ደንቡ፣ ድግሱ ሲያበቃ ጠላ የሞላው ማሰሮ፣ ጽዋው ማለት ነው፣ ወደ ቀጣይዋ ተረኛ ቤት ይሸኛል። ጎድሎ ከደረሰ ወሬው ከዘነበወርቅ እስከ ቆሼ ይሰማል፤ እናቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ከምትሰማ ጦሟን ብታድር ትመርጣለች። ማሰሮውን ለእኔ ሰጠችኝ። ለምን ቢባል፣ ልጄ ጠንቃቃ ነው ትላለች። እኔ ጠንቃቃነቴን እንኳ ሁለቴ ሳላጣራ አላምነውም።

ተረኛዋ እትዬ አስካለ የሚኖሩት ከ18 ማዞሪያ ወዲያ ስለሆነ ከእናቴና ከማኅበርተኞቹ ጋር በኮንትራት ሚኒባስ ተሳፈርን። በቀኜ የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችን ጋሽ ታደሰ፣ አዲስ ጋቢ ለብሰው ተቀመጡ። ይኼ ነገር አይፈስም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጠላን የሚያፈስሰው ፍጥነት ሳይሆን የፍጥነት መለዋወጥ እንደሆነ በትሕትና አስረዳኋቸው። ፍጥነቱ ካልተለወጠ ፍጥንጥነቱ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ማንን አርሶ ያውቃል?

ሾፌሩን ቢኒያምን በሠላሳ ይዞ እንዳይጨምርም እንዳይቀንስም ለመንኩት። ማዞሪያው ላይስ አለኝ። እዚያም አልኩት። «እሺ ፍሬንድ፣ በኋላ እንዳትለፈልፍብኝ» አለ።

አስፋልቱ ቀጥ እስካለ ድረስ ጠላው እንደ ጠገበ ሕፃን ተኛ። ጋሽ ታደሰ እንኳ ትምህርት ደግ ነገር ነው አሉ። ቢኒያም ቃሉን ጠበቀ፤ ማዞሪያው ውስጥ በሠላሳ ገባ፣ በሠላሳ ዞረ። ጠላው ግን ቀጥ ብሎ መሄዱን መረጠ። ቀጥታው መንገድ ላይ ደግሞ ጋሽ ታደሰ ነበሩ።

ያኔ ትዝ አለኝ፤ መምህራችን አቅጣጫ ሲለወጥም ፍጥንጥነት አለ ብለውን ነበር። ይህንኑ ለጋሽ ታደሰ ማብራራት ስጀምር፣ ጢማቸውን እየጨመቁ «በቃህ፣ ገብቶኛል» አሉኝ።

እንደደረስን እትዬ አስካለ በር ላይ ማሰሮውን ተቀብለው ወደ ውስጥ አዩና፣ ምነው ጎደለ አሉ። እናቴ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። እኔ አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ የሚንጠባጠብ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀደሙኝ።

«አልጎደለም አስካለ፤ ግማሹ በማሰሮ መጥቷል፣ ግማሹ በእኔ። ሁለታችንንም አስገቢን።»